እምቢ የሚል አስጎብኚ፦ የአማዞን ደን ጉብኝት ማንን ይጠቅማል?

ጀልባዋ የምትነሳው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቦታው ደቡብ ምሥራቅ ፔሩ፣ ታምቦፓታ ወንዝ። ጎብኚዎቹ የጎማ ቦቲ አጥልቀዋል፤ ጃኬታቸውን እስከ አንገታቸው ዘግተዋል። አማዞን ሁሌም ሙቅ ይመስለናል እንጂ ጎህ ሳይቀድ ወንዙ ላይ ይበርዳል። አስጎብኚው የእጅ ባትሪውን በወንዙ ዳር ዳር ያበራል። ጭቃው ላይ ሁለት ቀይ ነጥቦች ብልጭ ይላሉ። የካይማን ዓይኖች ናቸው፤ ካይማን የአዞ ዘመድ ነው።

ሲነጋጋ ከአንድ የተናደ ቀይ ገደል ማዶ ቁጭ ይላሉ። ማውራት የለም። መጀመሪያ ትንንሾቹ አረንጓዴ በቀቀኖች ይመጣሉ። ቀጥሎ ማካዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው እየጮሁ ይደርሳሉ። ማካው ትልቅ፣ ጭራው ረጅም የሆነ የበቀቀን ዓይነት ነው። አንዱ ቀይ ነው፣ ሌላው ሰማያዊና ቢጫ። ወዲያው አይወርዱም። ከገደሉ በላይ ባሉት ዛፎች ላይ ሰፍረው ጭልፊት መኖር አለመኖሩን ይቃኛሉ። ይህ ረጅም ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ አንዱ ደፈር ብሎ ይወርዳል። ሌላው ይከተለዋል። ብዙም ሳይቆይ ገደሉ በቀለም ይሸፈናል። ሁሉም አፈሩን በመንቁራቸው እየቆረሱ ይበላሉ።

እኛ አገር ከብት ያረባ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሆራ ነው። ከብት ጨዋማ ውኃ ወይም ቦሌ አፈር ፍለጋ እንደሚነዳው ሁሉ በቀቀኖቹም የሚመጡት ጨው ፍለጋ ነው። ምዕራባዊው አማዞን ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በጣም ይርቃል። ከባሕሩ የተነሳው ጨው በመንገድ ላይ ከዝናቡ ጋር እየወረደ ያልቃል። በፓስፊክ በኩል ደግሞ የአንዲስ ተራሮች ይጋርዳሉ። ስለዚህ እዚያ ቅጠሉም ፍሬውም ሶዲየም፣ ማለትም የጨው ዋና ንጥረ ነገር፣ ያንሰዋል። በታምቦፓታ በቀቀኖችን ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ዶናልድ ብራይትስሚዝና ባልደረቦቻቸው፣ ወፎቹ መርጠው የሚበሉት አፈር ከሌላው የበለጠ ሶዲየም እንዳለው አሳይተዋል። ጫጩት በሚያሳድጉበት ወቅት ወደ ገደሉ የሚመጡት ይበዛሉ። አፈሩን ለጫጩቶቻቸውም ያጎርሳሉ።

አሁን ከጎብኚዎቹ አንዱ ካሜራውን ይዞ ብድግ ቢልስ? ሁሉም ባንዴ ይነሳሉ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ የወረደ ይመስላል። ያን ቀን ላይመለሱም ይችላሉ። ለዚህ ነው አስጎብኚው አስቀድሞ "እዚያው ሁኑ፣ አትጠጉ" የሚለው። ጎብኚው ግን ብዙ ገንዘብ ከፍሎ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ነው የመጣው። መጠጋት ይፈልጋል። ጉርሻ የሚሰጠውም እሱ ነው።

እንግዲህ የዱር እንስሳት ጉብኝት ደንን ያድናል ወይስ ያጠፋል የሚለው ክርክር እኔ እንደማየው እዚህች ቅጽበት ላይ ነው ያለው። አስጎብኚው ለከፋዩ ሰው እምቢ ማለት ይችላል ወይ? ይህን አቅም ከየት ያገኛል? እስቲ ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ደኑ እንግባ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የማይታይ ደን

የአማዞን ደን ወደ 6.7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ኢትዮጵያን ስድስት ጊዜ ያህል ማለት ነው። ስምንት አገሮችንና የፈረንሳይ ግዛት የሆነችውን ጉያናን ይነካል። ጎብኚው የሚገባው ከጥቂት ከተሞች ተነስቶ ነው፤ ከብራዚሏ ማናውስ፣ ከፔሩዎቹ ኢኪቶስና ፑዌርቶ ማልዶናዶ፣ ከኢኳዶሯ ኮካ፣ ከኮሎምቢያዋ ሌቲሲያ፣ ከቦሊቪያዋ ሩሬናባኬ። ኢኪቶስ የሚወስድ የመኪና መንገድ የለም። በአውሮፕላን ወይም በጀልባ ብቻ ነው።

ለአዲስ አበባ ሰው መንገዱ ድሮ ከነበረው ይቀላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2013 ጀምሮ ሳኦ ፓውሎ ይበርራል። ከዚያ ማናውስ በአገር ውስጥ በረራ ወደ 4 ሰዓት ያስኬዳል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን እንዳይረሳ፤ ክትባቱ ለደኑም ያስፈልጋል።

ጉብኝቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ነው። የቀኑ መልክ ይመሳሰላል። ጎህ ሲቀድ ጀልባ፣ ከቁርስ በኋላ የእግር ጉዞ፣ ቀትር ላይ እረፍት፣ ማታ እንደገና በባትሪ ብርሃን ጉዞ። ዋጋው ከጥቂት መቶ ዶላር ይጀምርና ከአንድ ሺህ በላይ ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሚጠብቀው ነገር ላይ ነው። በቴሌቪዥን የምናውቀው የሰሬንጌቲ ሜዳ ነው። አንበሳው ተኝቷል፣ መኪናው አጠገቡ ቆሟል። አማዞን እንዲህ አይደለም። እንስሳው አለ፣ ዛፉ ይሸፍነዋል። አብዛኛው የሚኖረው ከሰው ራስ 30 ሜትር በላይ ነው። ነብር የሚመስለውን ጃጓር ሳያዩ የሚመለሱ ከሚያዩት እጅግ ይበዛሉ። በኢኳዶር ያሱኒ ፓርክ ውስጥ በአንድ ሄክታር መሬት ላይ ብቻ እስከ 655 የዛፍ ዓይነቶች ተቆጥረዋል። ከአንድ ተኩል የእግር ኳስ ሜዳ የማይበልጥ ቦታ እኮ ነው። በዚያ ቅጠል መሃል አንዲት ጦጣን ፈልጎ ማግኘት የዓይን ሥራ ብቻ አይደለም።

የጆሮ ሥራ ነው። እዚያው ተወልዶ ያደገ አስጎብኚ በድንገት ይቆማል፣ እጁን ያነሳል። እናንተ የምትሰሙት ጫጫታ ብቻ ነው። እሱ ግን ከጫጫታው መሃል የአንዲትን ወፍ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ለይቷል፤ ወፏ ምን አይታ እንደጮኸች ደግሞ ይገምታል። ጠዋት ጠዋት ከሩቅ የሚመጣው፣ የአውሎ ነፋስ ጩኸት የሚመስለው ነገር ጦጣ መሆኑን የሚነግራችሁ እሱ ነው። ሃውለር ይባላሉ፤ ድምፃቸው ኪሎ ሜትሮችን አልፎ ይሰማል። ይህ እውቀት በሦስት ወር ሥልጠና አይገኝም። አባትን ተከትሎ አደን በመውጣት የተገኘ ነው። ከዛሬዎቹ ጎበዝ አስጎብኚዎች ብዙዎቹ የአዳኞች ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው አዳኝ ነበሩ።

"ልቀፈው" የሚለው ጥያቄ

እንስሳው ሩቅ ከሆነ፣ ጎብኚው ደግሞ ፎቶ ከፈለገ፣ አቋራጭ የሚያቀርብ ሰው አይጠፋም። በ2017 ወርልድ አኒማል ፕሮቴክሽን የተባለው ድርጅት በማናውስ ዙሪያና በፔሩዋ ፑዌርቶ አሌግሪያ ያየውን ይፋ አደረገ። ከደን የተያዙ እንስሳት ለቱሪስት ፎቶ እንዲታቀፉ ይቀርባሉ። ስሎዝ በገመድ ታስሮ፣ አናኮንዳ የተባለው ግዙፍ እባብ በእጅ ተይዞ፣ ካይማን አፉ በጎማ ታስሮ።

ስሎዝን በቅርብ እንየው። በጣም ዝግተኛ እንስሳ ነው። አብዛኛውን ዕድሜውን ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ያሳልፋል። ለመጸዳዳት እንኳ ከዛፍ የሚወርደው በሳምንት አንዴ ገደማ ነው። የፊቱ አሠራር የሚስቅ ያስመስለዋል። ስለዚህ ሰው ሲያቅፈው ደስ ያለው ይመስላል። ፍርሃቱ ፊቱ ላይ አይነበብም። አይጮህም፣ አይታገልም። እጁን ግን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፤ ያገኘውን ሁሉ እንደ ቅርንጫፍ ይጨብጣል። በፎቶው ላይ ፍቅር የሚመስለው ነገር ይኸው ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይውላል፣ ነገም እንዲሁ። ድርጅቱ እንዳለው አብዛኞቹ በእንዲህ ዓይነት አያያዝ ስድስት ወር አይቆዩም። ሲሞት ሌላ ይያዛል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢንስታግራም እንዲህ ዓይነት ፎቶዎችን ለሚፈልግ ሰው ማስጠንቀቂያ ማሳየት ጀመረ። ቆይቶም የፔሩ ባለሥልጣናት ፑዌርቶ አሌግሪያ ገብተው እንስሳቱን ወሰዱ።

መንደርተኛውን ብቻ መኮነን ግን ቀላል ነው፤ ልክም አይመስለኝም። ስሎዙን የሚያቀርብ ልጅ ቤተሰቡን የሚያበላው በሚሰጠው ሳንቲም ነው። ትልቁን ክፍያ የወሰደው ጎብኚውን በጀልባ ያመጣው ድርጅት ነው። ልጁ እምቢ ቢል ጀልባው ወደ ቀጣዩ መንደር ይሄዳል። ጥፋቱን እምቢ ማለት በማይችል ሰው ላይ ነው የጫንነው።

ሲኦል የተባለችው መንደር

ከፑዌርቶ ማልዶናዶ ብዙም ሳይርቅ ኢንፊዬርኖ የሚባል መንደር አለ። በስፓኒሽ ሲኦል ማለት ነው። የሚኖሩበት የኤሴ ኤሃ ተወላጆች፣ የወንዝ ዳር ገበሬዎችና ከአንዲስ ተራሮች የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። በ1996 ይህ ማኅበረሰብ ሬይንፎረስት ኤክስፔዲሽንስ ከተባለ የፔሩ ኩባንያ ጋር ውል ፈረመ። ውሉ ለ20 ዓመት ነበር። ሎጁ በማኅበረሰቡ መሬት ላይ ይሠራል፤ ከትርፉ 60 በመቶው ለማኅበረሰቡ፣ 40 በመቶው ለኩባንያው። ፖሳዳ አማዞናስ የተባለው ሎጅ በ1998 ተከፈተ።

ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ 60 በመቶው ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው አንቀጽ ነው። ውሳኔው እኩል በእኩል ነበር። ማኅበረሰቡ የራሱን ኮሚቴ መረጠ፤ ያለ ኮሚቴው ስምምነት ኩባንያው ብቻውን አይወስንም። የውሉ ሐሳብ ጊዜው ሲያልቅ መንደርተኛው ሎጁን ራሱ ማስተዳደር እንዲችል ነበር። ስለዚህ ሥልጠናው ከአልጋ ማንጠፍና ከወጥ ቤት አልፎ ሒሳብ መያዝና አመራር ድረስ ሄደ።

ይህ መሬት ላይ ሲወርድ ምን ይመስላል? በማኅበረሰቡ ክልል ውስጥ ትሬስ ቺምባዳስ የሚባል ሐይቅ አለ። ወንዙ አቅጣጫውን ሲቀይር ጥሎት የሄደ፣ እንደ ጨረቃ የተጠማዘዘ ሐይቅ ነው። እዚያ ግዙፍ ኦተሮች ይኖራሉ፤ ዓሣ የሚበሉ፣ ከሰው ቁመት የማያንስ ርዝመት የሚኖራቸው የውኃ እንስሳት ናቸው። ድሮ ለቆዳቸው ሲታደኑ ሊያልቁ ደርሰው ነበር። ሲረበሹ ግልገሎቻቸውን በደንብ አያሳድጉም። ማኅበረሰቡ ሐይቁ ላይ ደንብ አወጣ። ጎብኚው በታንኳ ሆኖ ከርቀት ነው የሚያየው። "ትንሽ ጠጋ እንበል" ለሚል ጎብኚ መልሱ አይሆንም ነው። ባለታንኳው ይህን የሚለው አለቃ ስላዘዘው አይደለም። ኦተሮቹ ከጠፉ የሚከስረው ራሱ ነው፤ የሐይቁ ባለቤት ነውና።

ነገሩን አሳምሬ ብቻ እንዳልነግራችሁ። አንትሮፖሎጂስቷ አማንዳ ስትሮንዛ ኢንፊዬርኖን ለዓመታት አጥንታለች። ያገኘችው ውጤት ለሁለቱም ወገን አይመችም። ሎጅ ውስጥ የሚሠራ ሰው ለአደን ጊዜ አይኖረውም፤ ስለዚህ አደኑ ይቀንሳል። ግን ደመወዝ ያገኘ ሰው ብዙ መግዛትና ብዙ ማምረትም ይጀምራል። ገንዘቡ ለመጋዝ መግዣ፣ ለእርሻ ማስፋፊያም ሊውል ይችላል። ገንዘብ ብቻውን ደን አይጠብቅም። በእሷ ትንታኔ ሚዛኑን የሚቀይረው ሰዎቹ በባለቤትነትና በአመራር መሳተፋቸው ነው። ከሰማኋቸው ክርክሮች ሁሉ ይህ ያሳምነኛል። "ኢኮቱሪዝም" (ተፈጥሮን የሚጠብቅ ጉብኝት) የሚል ታፔላ የሰቀለ ሁሉ የአካባቢው ሰው ባልደረባ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ማን እንደተቀመጠ ማየት ያስፈልጋል።

ሌላም አለ። በቦሊቪያ ማዲዲ ፓርክ ውስጥ ሳን ሆሴ ዴ ኡቹፒያሞናስ የምትባል መንደር አለች። እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች የዮሲ ጊንስበርግን ታሪክ ሳትሰሙት አትቀሩም። በ1981 በቱዊቺ ወንዝ አካባቢ ጠፍቶ ሦስት ሳምንት ያህል ብቻውን ደን ውስጥ የቆየው እስራኤላዊ ወጣት ነው። ሲፈለግ የረዱት የዚህች መንደር ሰዎች ናቸው። መንደሯ በኋላ ላይ ወጣቶቿ ሥራና ትምህርት ፍለጋ እየጣሏት ይሄዱ ነበር። በ1990ዎቹ ከኢንተር አሜሪካ ልማት ባንክ በተገኘ ድጋፍ ቻላላን የሚባል ሎጅ ሠሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሙሉ በሙሉ የመንደሩ ሆነ።

እምቢታ የማይበግረው

እስካሁን ያወራነው ስለ ጎብኚና አስጎብኚ ነው። ከደኑ ውጭ ያለው ኃይል ግን ከዚህ ይከብዳል።

የመጀመሪያው ወርቅ ነው። ኢንፊዬርኖ ያለችበት የማድሬ ዴ ዲዮስ ክልል የፔሩ የወርቅ ቁፋሮ ማዕከል ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ደን ወድሟል። ከአውሮፕላን ሲታይ ቢጫ አሸዋና አረንጓዴ ኩሬ ብቻ ነው። ቆፋሪው ወርቁን ከአሸዋው ለመለየት ሜርኩሪ ያፈስበታል። ሜርኩሪው ወርቁን ይይዛል። ከዚያ በእሳት ያተንነዋል። ትነቱ ወደ ደኑ ይመለሳል፣ ወደ ወንዙ ይገባል፣ ከዓሣው ወደ ሰው ይሸጋገራል። በ2016 የፔሩ መንግሥት በዚህ ምክንያት በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። በ2019 ወታደርና ፖሊስ ልኮ በታምቦፓታ ጥብቅ ደን ጠርዝ ያለውን ላ ፓምፓ የተባለውን የቁፋሮ ሠፈር በተነ። ቁፋሮው ግን ወደ ሌላ ቦታ እየተዛወረ ቀጠለ። በጥቅምት 2025 የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ ከ4 ሺህ ዶላር አለፈ። ሎጅ ውስጥ ለሚሠራ ወጣት ይህ ቁጥር ምን እንደሚል አስቡት። እኛም አገር ወርቅ በባህላዊ መንገድ በሚወጣበት አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ጉዳይ ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ጎብኚም የሚታመን እንግዳ አይደለም። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ሎጆቹ ሁሉ ባንዴ ባዶ ሆኑ። የላሊበላን አስጎብኚዎች ጠይቁ። በወረርሽኝና በጦርነት ቱሪስት ሲቀር ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ይነግሯችኋል። ጎን ለጎን ማሳ ያላቸው ቤተሰቦች እንደምንም ያልፉታል። ሁሉን ነገር ቱሪስት ላይ የጣለ ሰው ግን ወደ መጋዙ ወይም ወደ ወርቁ ይሄዳል።

ከሁሉም የከፋው ድርቁ ነው። በብራዚል፣ ቴፌ ከተማ አጠገብ ማሚራዋ የሚባል ትልቅ ጥብቅ ስፍራ አለ። እዚያ ውኃው በዓመት ውስጥ ከ10 ሜትር በላይ ከፍ ዝቅ ይላል። ደኑ ለወራት ውኃ ውስጥ ይቆማል። ጃጓሮቹ ሳይቀሩ በጎርፉ ወራት ዛፍ ላይ እንደሚኖሩ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል፤ ከዛፍ ዛፍ እየዋኙ፣ እዚያው እያደኑ፣ እዚያው ግልገል እያሳደጉ። ኡዋካሪ የተባለው ሎጅም ውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ነው፤ ከወንዙ ጋር ይነሳል፣ ከወንዙ ጋር ይወርዳል። ከ1998 ጀምሮ የሚሠራው ከአካባቢው ማኅበረሰቦች ጋር በመሆን ነው። በደንብ የተያዘ ቦታ ነው።

በመስከረም መጨረሻ 2023 በቴፌ ሐይቅ ዶልፊኖች መሞት ጀመሩ። ሮዝ የሚባሉት የወንዝ ዶልፊኖችና ትንንሾቹ ግራጫዎቹ። ሐይቁ በድርቁ ጎድሎ ስስ ሆኗል፤ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ታግለዋለች። የውኃው ሙቀት ከ39 ዲግሪ አለፈ። የማሚራዋ ተቋም ሠራተኞች በጀልባ እየዞሩ ሬሳ ሰበሰቡ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ150 በላይ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት፣ በጥቅምት 2024፣ በማናውስ ወደብ የሪዮ ኔግሮ ወንዝ ከፍታ ወደ 12.11 ሜትር ወረደ። መለካት ከተጀመረበት ከ1902 ወዲህ እንዲህ ወርዶ አያውቅም። ጀልባዎች አሸዋ ላይ ተቀመጡ። በወንዝ ብቻ የሚገናኙ መንደሮች ምግብና የመጠጥ ውኃ ቸገራቸው።

እዚህ ላይ ጎብኚውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ከሩቅ አገር የሚመጣበት አውሮፕላን አየሩን ከሚያሞቁት ነገሮች አንዱ ነው። ይህን እያወቅሁም ማንም አይሂድ አልልም። ቱሪስት ሙሉ በሙሉ ቢቀር ለኢንፊዬርኖ የሚተርፋት ወርቁና ከብት እርባታው ነው። ግን ለሦስት ቀን ብሎ ግማሽ ዓለም ከመዞር፣ አንዴ ሄዶ ሁለት ሳምንት መቆየት ይሻላል እላለሁ።

ከሲሜን እስከ ያሱኒ

ሰው ከደን ይውጣ ወይስ ይኑርበት የሚለው ጥያቄ ለእኛም አዲስ አይደለም። የሲሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ አካባቢ እንዲሰፍሩ ተደረገ። በ2017 ዩኔስኮ ፓርኩን ከአደጋ መዝገቡ አወጣው። በሌላ በኩል መንዝ ጓሳ አለ። የመንዝ ሰው የጓሳውን ሣር በራሱ ደንብ እየዘጋና እየከፈተ ከ400 ዓመት በላይ እንደጠበቀው ይነገራል። ዛሬም ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው አሉ፤ ማኅበረሰቡም የራሱ ሎጅ አለው። ሲሜንና ጓሳ አንድ ዓይነት ችግር የለባቸውም፤ በአንድ ሚዛን ልመዝናቸው አልፈልግም። አማዞን ሄዶ "የአገሬው ሰው ራሱ ሲጠብቀው" የሚለውን ሰምቶ የሚደነቅ ኢትዮጵያዊ ግን መጀመሪያ መንዝን ቢያይ ደስ ይለኛል።

ጉዳዩ ወደ እኛ ደጅም እየመጣ ነው። በኅዳር 2025 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ በአማዞን አፍ ላይ ባለችው ቤሌም ተካሄደ። ብራዚል እዚያ ለቆመ ደን በዓመት በሄክታር 4 ዶላር ገደማ የሚከፍል ፈንድ አስጀመረች፤ ከክፍያው 20 በመቶው ለተወላጆችና ለአካባቢው ማኅበረሰቦች እንዲሆን ታስቧል። የ2027ቱን ጉባኤ የምታስተናግደው አዲስ አበባ ናት። 4 ዶላሩ ማን እጅ ይገባል የሚለው ጥያቄ ለባሌና ለሸካ ደን ነዋሪም ይደርሳል።

ቃል ብቻ የት እንደሚያደርስ ኢኳዶር አይታዋለች። በ2007 መንግሥቷ በያሱኒ ያለውን ነዳጅ ላለማውጣት ሐሳብ አቀረበ። በምላሹ ዓለም 3.6 ቢሊዮን ዶላር ያዋጣ አለ። እስከ 2013 የገባው 13 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ሆነና ቁፋሮው ተፈቀደ። ወጣቶችና ተወላጆች ግን አልተውትም። ፊርማ ሰበሰቡ፣ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራተቱ። ነሐሴ 20 ቀን 2023 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። 59 በመቶ የሚሆነው ነዳጁ መሬት ውስጥ ይቅር አለ። በነሐሴ 2024 የመጀመሪያው ጉድጓድ ተዘጋ። ከ240 በላይ ጉድጓዶች አሉ፤ መንግሥት ዓመታት ይፈጃል ይላል።

በዚሁ ፓርክ ውስጥ የአኛንጉ ኪችዋዎች ይኖራሉ። ከ21 ሺህ ሄክታር በላይ በሆነው ክልላቸው አደን አቁመዋል። ናፖ ዋይልድላይፍ ሴንተር የተባለው ሎጅ ሙሉ በሙሉ የእነሱ ነው። አስጎብኚው፣ ቀዛፊው፣ ምግብ አብሳዩ፣ ሥራ አስኪያጁ ከመንደሩ ነው። ትርፉ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሆኗል።

ወደ እነሱ የሚሄድ ጎብኚ ከኮካ በሞተር ጀልባ ናፖ ወንዝን ይዞ ሁለት ሰዓት ያህል ይወርዳል። በመንገዱ የነዳጅ ኩባንያ ከባድ መኪኖችን የጫኑ ጠፍጣፋ መርከቦች ያልፉታል። ከዛፎቹ በላይ የጋዝ እሳት ሲነድ ይታያል። ከዚያ ከአንዲት ጠባብ ጥቁር ውኃ አፍ ላይ ጀልባው ይቆማል። ሞተር ከዚህ አያልፍም፤ የመንደሩ ደንብ ነው። የቸኮለ ጎብኚ ቢጠይቅም፣ ዝናብ ቢመጣም ያው ነው። ሻንጣው ወደ ታንኳ ይዛወራል። ሁለት ሰዎች ከፊትና ከኋላ መቅዘፊያቸውን ይይዛሉ። እስከ ሐይቁ ድረስ ሁለት ሰዓት ገደማ ይቀራል። የሚሰማው የመቅዘፊያው ውኃ መንካት ነው። ትንሽ እንደሄዱ የፊተኛው ቀዛፊ መቅዘፉን ትቶ እጁን ያነሳል።